ከቅጥሩ ውጪ የቆምኩበት እሑድ

ዛሬ ጠዋት ደብረ ታቦር ገበያ መግቢያ ላይ ከአክስቴ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አድርገው በባጃጆቹ መሀል ወደ ማዶ ተሻገሩ። ሰላምታ ከተነፋፈግን አምስት ዓመታችን ነው።

ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤተሰቦቼ ጉና ሥር ገብስና ድንች አራሾች ስለሆኑ፣ ለትምህርት ብዬ አክስቴ ዘንድ ነበር የምኖረው። ገብስ በሚታጨድበት በኅዳር ብርድ የመጀመሪያ የወር አበባዬ መጣ። አልደነገጥኩም። አንዲት ነርስ ትምህርት ቤታችን መጥታ አስተምራን ነበር፤ ወንዶቹ በመስኮት እያሾፉብንም ቢሆን ሰምቻታለሁ። እንደ ደንቡ እሑድ ቅዳሴ ሳልገባ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ቆምኩ። አክስቴ ከቅዳሴ ሲወጡ፣ እንደኔው ውጪ ከቆሙት ባለትዳር ሴቶች መሀል አገኙኝ።

"ማን ነው?" አሉኝ ክንዴን ጨምድደው።

"ማን ምን?"

"ወንዱ ነዋ! ወንድ ሳይነካሽ ደም ከየት መጣ?"

"ዕድሜ ሲደርስ በራሱ ነው የሚመጣው፣ እታለም። ተምረናል።"

"ይሄን ነው የሚያስተምሩሽ? እንግዲያ በቃሽ!"

በሳምንቱ አባቴ ሊወስዱኝ በቅሏቸውን ይዘው መጡ። አክስቴ ቅቅል ድንች ከነአዋዜው አቀረቡላቸውና እኔን በር ላይ አቁመው ስድብ ያወርዱብኝ ጀመር። "ቤቴን አረከሰችው! ውሰድልኝ፣ ወንድም ጋሼ!" አባቴ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። አንዴ ከሄድኩ እንደማልመለስ አውቄዋለሁ፤ የሚቀጥለው ባል ነው።

"እታለም፣" አልኩ፣ "ለእርስዎ መጀመሪያ ሲመጣብዎ የት ነበሩ?"

"ባለጌ! ባሌ ቤት ነዋ! እንዳንቺ መሰልኩሽ?"

አባቴ ያነሱትን ድንች መልሰው አኖሩ።

"ስንድርሽ እኮ" አሏቸው ቀስ ብለው፣ "የወተት ጥርስሽ ወልቆ አላለቀም ነበር። በበቅሎ ያደረስኩሽ እኔ ነኝ። እናታችንም እንዲሁ ናት። ከባል በፊት ደም ያየች ሴት በቤታችን የት ኖራ ነው የምናውቀው?"

አክስቴ ፊታቸውን ወደ ጓዳ አዞሩ።

"ልጄ ትማራለች" አሉ አባቴ።

"ከኔ ቤት ሆና አይደለም!" አክስቴ ልብሴን አፍሰው ግቢው ውስጥ ወረወሩት። የዚያኑ ዕለት አባቴ ከሁለት ያገሬ ልጆች ጋር የኪራይ ቤት አስገቡኝ።

ዘመዶቻችን "ታላቅሽ ናቸው፣ እግራቸው ላይ ውደቂ" ይሉኛል። አልወድቅም! ምን በደልኩና? በልጅነታቸው የተደረገባቸውን በኔ ፊት ሰሙት፤ እሱን ከመሸከም እኔን መጥላት ይቀላቸዋል። ይጥሉኝ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሻለሁ።