ዝናብ ያልጣለበት ቀን

አያቴ ከቡሬ ወጣ ባለው መንደራችን በየማለዳው የዝናብ መለኪያውን አይተው የጣለውን ልክ ይነግሩኝ ነበር፤ እኔም ኮምፒውተር ላይ እመዘግበዋለሁ። አንድ ቀን ሰንጠረዡ እንዲያምር ብዬ ዜሮዎቹ እንዳይታዩ አደረግሁ። ባዶዎቹን ሳጥኖች ሲያዩ ተቆጡ።

«ዝናቡ ቢቀር እኔም ቀረሁ? ወጥቼ አይቻለሁ እኮ!»

«ቁጥሩ አልጠፋም፣ አባባ። እንዳይታይ ብቻ ነው ያደረግሁት።»

«እንግዲያው አሳየዋ፣ አንተ አስተማሪ!»

አሳየሁት። ዝናብ ያልጣለበት ቀን ሁሉ 0.0 ሆኖ ተደረደረ፤ ደስ ብሏቸው ሳቁ።

እርሳቸው ካረፉ ወዲህ ያሉት ሳጥኖችም ባዶ ናቸው። እነዚህን ግን ምንም ባስተካክል ብቅ የሚል ቁጥር የለም፤ ወጥቶ ያየ ሰው የለማ። አምላኬ፣ ምን ላድርግ? ዛሬ ጠዋት ዝናቡ መለኪያውን ሞልቶ ፈሰሰ። ልለካ ወጣሁ፤ ሳልለካ ተመለስሁ፤ የዛሬውም ሳጥን ባዶ ቀረ።