ከብርሃን የሚፈጥን

ባሌ አንሙት ውሸት አይችልም። ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነበር። ገበያ በግ ሊሸጥ ወጥቶ "ሳል አለበት" ብሎ ለገዢው ነግሮ፣ በጉን እየጎተተ የሚመለስ ሰው ነው። ምን ቆርጦኝ እንዳገባሁት እንጃ!

ሰዎች ጨረቃን በረገጡ በሁለተኛው ዓመት ልጃችን በሰባ ሰባት ቀኗ ታመመች። ጡት አልይዝ አለች፣ ሰውነቷ ጋለ። ክርስትና ሳትነሳ ብትሞትብኝስ? ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ሰማንያ ቀኗ ሳይጠበቅ እንዲያጠምቁልኝ የነፍስ አባታችንን አባ ባምላኩን አስጠራሁ።

አባ ጸበል ረጩና ወደ አንሙት ዞሩ። "ልጄ፣ ከብርሃን የሚፈጥን የለም እያልክ ታስተምራለህ አሉ።"

"አዎ አባ። ተማሪዎቼ ሰው ከዋክብት ዘንድ ይደርሳል ወይ ብለው ጠየቁኝ። የቅርቡ ኮከብ ብርሃን እንኳ እኛ ዘንድ ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የጠፈር መንኮራኩር ደግሞ በፈጠነ ቁጥር ለመግፋት እየከበደ ይሄዳል፤ ብርሃንን አይቀድምም።"

"ምንም ነገር አይቀድመውም?"

"ምንም።"

ወይ ጉዴ! በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ስንቴ ነግሬው ነበር!

"እንግዲያ ሠለስቱ ደቂቅ እሳት ውስጥ ሲጣሉ መልአኩ ከሰማይ እስኪወርድ ስንት ዓመት ፈጀበት? አመዳቸው ላይ ነው የደረሰው?" አሉ አባ። "እሑድ ሕዝብ ፊት ቃልህን ካልመለስክ ልጅህን አላጠምቅም።"

ለመንኳቸው፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አልሰሙኝም።

አርብና ቅዳሜ ትንፋሿን ስቆጥር ዋልኩ። "ተሳስቻለሁ በል! አንዲት ቃል ናት!" አልኩት። "ያልተሳሳትኩትን?" አለኝ። የፊዚክስ መጽሐፉን ወረወርኩበት። አንስቶ አቧራውን አራገፈና ልጅቱን ከእቅፌ ተቀብሎ ሲያባብል አደረ፤ እሱም አባቷ ነው።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆምን። አራስ ነኝና ጸሎት እስኪነበብልኝ ወደ ውስጥ አልገባም፤ ልጄን አቅፌ ውጭ ቀረሁ። ሰው ከበበን። አባ ጠየቁት። አንሙት መሬት መሬቱን አየ። እኔማ ሞትኩ! ልጅቱ ስታቃስት ሰማና ቀና አለ።

"አባ፣ የተናገርኩት ክብደት ስላለው ነገር ነው። መልአክ ረቂቅ ነው፣ ሥጋ የለውም። እሱን ማን ይመዝነዋል?"

"እንዲህ በለና!" አሉ አባ፤ ሕዝቡም እልል አለ። ልጄ ተጠመቀች፣ አመተ ሥላሴ ተባለች፣ አንገቷ ላይ ማተብ ታሰረላት።

ስንመለስ አባ ከክርስትና እናቷ ጋር ከኋላችን ይመጣሉ። አንሙት ፊቱ ጠቁሯል።

"አንቺ ታየች፣ ብርሃንም እኮ ክብደት የለውም" አለኝ። "እንደዚያም ሆኖ ከፍጥነቱ አያልፍም፤ ክብደት ስለሌለው ብቻ ብርሃንን የሚቀድም የለም። ይህን እያወቅሁ..."

በባዶው እጄ አፉን ከደንኩት። እንባው መዳፌ ላይ ወረደ። አባ እያዩን ነበርና ቤት እስክንደርስ እጄን አላነሳሁም።