ከሳልባጅ የገዛሁት ሰማያዊ ኮት

መሥሪያ ቤታችን አዲስ የተቀጠሩ ልጆች በምሳ ሰዓት ይከቡኝና በትንሽ ደመወዝ እንዴት አምሮ መልበስ እንደሚቻል ይጠይቁኛል። ደስ ይለኛል፤ ምክር መስጠት የማይወድ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ኮት ስትገዙ ከጨርቁ በፊት ትከሻውን እዩ እላቸዋለሁ፤ ትከሻው ካልገጠመ የትኛውም ልብስ ሰፊ አያድነውም። አንድ ደህና ጉርድና ሦስት ሸሚዝ ሳምንቱን ያደርሳል። አሮጌ ኮት ላይ ቁልፎቹን በሙሉ በአንድ ዓይነት ቀይሩ፣ አዲስ ይመስላል። የጫማችሁ ታኮ አልቆ እግራችሁን ሳያንሻፍፍ አስቀይሩት። ይህን ሁሉ የት እንደተማርኩ ሲጠይቁኝ መርካቶ ነው ስላቸው የቀለድኩ መስሏቸው ይስቃሉ። ስለ ሰማያዊው ኮት ግን ለአንዳቸውም ነግሬ አላውቅም።

ሥራ የጀመርኩት መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ቅመማ ቅመም ወደ ውጭ የሚልክ አንድ የግል ድርጅት ለእንግዳ ተቀባይነትና ለጽሕፈት ሥራ ወሰደኝ፤ የሙከራ ጊዜዬ አርባ አምስት ቀን ነበር። እኛ የምንኖረው መርካቶ ከጭድ ተራ ጀርባ፣ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ የመጋዘን ዘበኛ ነበር። እናቴ በርበሬ በረንዳ የሚባለው ገበያ ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር መሬት ላይ ተቀምጣ ዛላ በርበሬ ትቀነጥሳለች፤ የቀን ሥራ ነው፣ የዋለ ይከፈለዋል። ብናኙ ደረቷን ዘግቶት ስታወራ እንኳ ለመተንፈስ ሁለት ሦስት ጊዜ ታቋርጥ ነበር። ቋሚ የሆንኩ ቀን በርበሬ በረንዳን እርግፍ አድርገሽ ትተያለሽ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። ለሥራ ጓደኞቿ ሁሉ አወራችው።

የቢሮ ልብሴን የገዛሁት አብነት ሰፈር ታክሲ መያዣው አጠገብ ሳልባጅ ከሚሸጡ ሴትዮ ነው። ሁላችንም እትዬ እንላቸው ነበር። ምላሳቸው መራር ነው፤ ነገር ግን የታሰረው የልብስ ቦንዳ ሲፈታ ለቢሮ የሚሆነውን ቀድመው ይመርጡና ከተቀመጡበት ሳጥን ሥር ይደብቁልን ነበር። ገና ኮቱን ስትለብሺ "እጅሽን አንሺ" ይላሉ፣ ብብቱ የተተረተረ እንደሆነ ለማየት። ቀይ ሸሚዝ ያማረኝ ቀን ሠርግ ተጠርተሽ ነው ወይስ ሥራ ብለው ከእጄ ቀሙኝ። አመድማ ኮት ከነጉርዱና ሁለት ነጭ ሸሚዝ አስይዘው ሰደዱኝ። በዚያ ልብስ መስታወት ፊት ስቆም የማላውቃት፣ የተከበረች ሴት አየሁ። እውነቱን ለመናገር ከዚያች ከመስታወቷ ሴት ጋር ፍቅር ያዘኝ።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት አባቴ ሞተ። ታሞ ነበር፤ እኛ ግን ይድናል ብለን ነበር። ድንኳን ተተክሎ፣ እኔና እናቴ መሬት ተቀምጠን ስናለቅስ፣ የሰፈሩ ሴቶች ምስማር ላይ የተሰቀለውን ልብሴን በሙሉ ሰብስበው ጓሮ ወሰዱት። ጥቁር ቀለም ገዝተው፣ በትልቅ ድስት አፍልተው ነከሩት። በእኛ ሰፈር ጥቁር ልብስ ለመግዛት አቅም የሌለው ያለውን ልብስ ያስነክራል፤ ሐዘንተኛ ደግሞ ስለ ልብስ ማሰብ ስለሌለባት ጎረቤት ያስብላታል። ትልቅ ውለታ ነው። ሥራውን የመሩት፣ ገበያው ላይ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጠው በርበሬ የሚቀነጥሱ ጎረቤታችን ነበሩ፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሮ ነበር። ከድንኳን ስወጣ አመድማው ኮት፣ ጉርዱና ሁለቱም ሸሚዞች ገመድ ላይ ተሰጥተው ጥቁር ውኃ ያንጠባጥቡ ነበር።

እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። በልቤ ግን ረገምኳቸው። አባቴ በተቀበረ በማግሥቱ ስለ ኮት በማሰቤ ደግሞ ራሴን ጠላሁት።

በአራተኛው ቀን ያንኑ ለብሼ ሥራ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጽናኑኝ። ክረምት ነበርና በማግሥቱ ዝናብ መታኝ። ርካሽ ቀለም ነው፣ አልያዘም፤ ቢሮ ስደርስ አንገቴም መዳፌም ጠቁሯል። ሳላስተውል ለአንድ ደንበኛ ደብዳቤ አቀበልኩና አምስቱም ጣቶቼ ወረቀቱ ላይ ታትመው ቀሩ። የተቀመጥኩበት ክሬም ቀለም ያለው ወንበርም ተበላሸ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮአቸው ጠርተው በለሆሳስ ሐዘኔ እንደሚገባቸው ነገሩኝ። ወደ ድርጅቱ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እኔን ስለሆነ ግን ከሰኞ ጀምሮ ፈካ ያለ ልብስ እንድለብስ፣ ካልሆነልኝም ሐዘኔን ቤቴ ሆኜ እንድጨርስ፣ እነሱም ሌላ ሰው እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ እኔም እቆጣ ነበር፤ ትሕትናቸው ነው ያናደደኝ።

እትዬ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። አባቴን ነፍስ ይማር ካሉ በኋላ እጃቸውን ሳጥኑ ሥር ሰደው ሰማይ የመሰለ ሰማያዊ ኮት አወጡ። የአባቴ አርባ ሳይወጣ ይህን ለብሼ ሰፈር እንዴት እገባለሁ ስላቸው "ማን ሰፈር ግቢበት አለሽ?" አሉኝ። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ከቤቴ በጥቁር እወጣለሁ፤ አብነት ስደርስ እሳቸው በዘረጉት የጆንያ መጋረጃ ጀርባ ልብሴን ቀይሬ ታክሲ እይዛለሁ። ማታ እንደገና ጥቁሩን ለብሼ እገባለሁ። ሰማያዊውን ገና ሳጠልቀው ትከሻዬ ቀና ይል ነበር። ሳልዋሽ ልናገር፦ ደስ ይለኝ ነበር። አባቴን የረሳሁባቸው ብቸኛ ሰዓቶች እነዚያ ነበሩ።

እናቴ ለማዘን ጊዜ አላገኘችም፤ በሁለተኛው ሳምንት ጥቁሯን ለብሳ ወደ በርበሬዋ ተመለሰች። ልጄ ቋሚ እስክትሆን ነው ብላ ለሴቶቹ ነገረቻቸው።

የሙከራዬ የመጨረሻ ቀን ጠዋት የቅጥር ደብዳቤዬ ታይፕ ተደርጎ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። የተየብኩት ራሴ ነኝ፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። ሁለት የውጭ ገዢዎች መጡና በርበሬውን ገበያው ላይ ማየት ፈለጉ። ሥራ አስኪያጁ ማስታወሻ እንድይዝ እኔንም ከመኪናው ጨመሩኝ። የምንሄደው እናቴ ወዳለችበት ወደ በርበሬ በረንዳ ነበር። አመመኝ ማለት እችል ነበር። ያልተፈረመው ደብዳቤ ግን አፌን ያዘኝ፤ በርበሬ በረንዳ ሰፊ ነው፣ በሌላ በኩል እንገባ ይሆናል እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

በሌላ በኩል አልገባንም። አንድ የበርበሬ ነጋዴ እየመራ በቀንጣሾቹ መካከል አሳለፈን። ገዢዎቹ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ያስሉ ጀመር። እናቴን ከሩቅ አየኋት። ነጠላዋን አፍና አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ፣ ጣቶቿ ቀልተው፣ አንገቷን ደፍታ ትሠራለች። ደብተሬን ፊቴ ላይ አስጠግቼ የማይጻፍ ነገር እጽፋለሁ። አጠገቧ የተቀመጡት ጎረቤታችን ቀና አሉና እኔን አዩ። ኮቴን ከላይ እስከ ታች አዩት። ልብሴን የነከሩበት ጥቁር ከጥፍራቸው ሥር ገና አልወጣም ነበር።

"ያቺ ያንቺ ልጅ አይደለችም እንዴ?" አሏት።

እናቴ ቀና አለች። ከእኔ ሁለት እርምጃ ብትርቅ ነው። አየችኝ፤ ቸኩላ አላየችኝም። ከዚያ ወደ በርበሬዋ ተመለሰች።

"አይደለችም" አለች። "የኔ ልጅ አባቷ ሞቶባት ጥቁር ለብሳለች።"

ሥራ አስኪያጁ ሰምተው ኖሮ ወደ እኔ ዞር አሉ። ሴቶቹን አውቃቸው እንደሆን ጠየቁኝ። አላውቃቸውም አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ዛሬም ድረስ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። ገዢዎቹ ናሙና ይዘው ወጡ፣ እኔም የመኪናውን በር ከፈትኩላቸው።

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤው ተፈረመ። ሥራ አስኪያጁ እጄን ጨብጠው እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ፤ አለባበሴንም አመሰገኑ። አብነት ደርሼ ጥቁሬን ስለብስ እትዬ ምን ሆነሽ ነው ቢሉኝ ቋሚ ሆንኩ ብቻ አልኳቸው።

ቤት ስገባ እናቴ እጇን በዘይት እያሸች ነበር፤ በርበሬው የሚያቃጥለውን እንደዚያ ነው የምታበርደው። ደብዳቤውን አሳየኋት። ማንበብ ስለማትችል አንብቢልኝ አለችኝ፤ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። እጇን ማሸቷን ሳታቆም ሰማችኝ። ስለ ጠዋቱ ይቅር በይኝ ልላት ስጀምር እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። እንግዲያው ከነገ ጀምሮ በርበሬ በረንዳ አትሄጂም፣ ቃሌ ነው አልኳት።

"እሄዳለሁ እንጂ" አለችኝ። አልተቆጣችም። "አንቺ በዚያ በኩል የምትመጪ ቀን ብቻ ማታውን ንገሪኝ፤ ቀድሜ ከቦታዬ እነሣለሁ።"

ለመንኳት። አለቀስኩ። ጎረቤት ተልኮ እንዲመክራት አደረግኩ። ደመወዜን እጇ ላይ ሳስቀምጥላት መርቃ ትቀበለኝና ለቤቱ ታውለዋለች፤ ጠዋት ግን ነጠላዋን አንሥታ ትወጣለች። እኔን ለመቅጣት ይሁን ለእኔው ሥራ በማሰብ አላወቅኩም፤ ሞታለች፣ አሁን የምጠይቀው ሰው የለም።

በዚያ ዓመት ከገዢዎች ጋር በርበሬ በረንዳ አራት ጊዜ ሄድን። አራቱንም ጊዜ በዋዜማው ነገርኳት። አራቱንም ጊዜ ከጎረቤታችን አጠገብ ያለው ቦታዋ ባዶ ነበር። የቀን ሥራ ስለሆነ በእነዚያ ቀናት አልተከፈላትም።