ወንበር እምቢ ያሉት ሽማግሌ

አሶሳ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ሁለት ልጆች ወልጄም ሰው ቀና ብዬ ማየት ያሳፍረኛል። የዚያን ቀን ፋርማሲስቱ ቀብር ሄዶ፣ ሙቀቱ አድክሞኝ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ኮታቸውን አውልቀው ከፊታቸው እንደያዙ ገቡ። ወንበር ብሰጣቸው እምቢ አሉ። ግድግዳውን ተደግፈው ላባቸውን ይጠርጉ ጀመር። ሁለታችንም ዓይናችንን ወለሉ ላይ ተከልን።

"ልጄ" አሉኝ በመጨረሻ፣ "ጓደኛዬ ለስንፈተ ወሲብ መርፌ ታዞለት ነበር። አንዱ አልበቃ ብሎት ደገመው። ነገርየው ከጠዋት ጀምሮ እንደተገተረ ነው፤ ያመዋል። ማርከሻ ክኒን አለ?"

ፊቴ ጋለ። ግን ፋርማሲስቱ ያንን መርፌ ሲሸጥ ሁልጊዜ የሚናገረውን እሰማ ነበር። ዓይኔን ከወለሉ ሳላነሳ፣ "አባባ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መደገም አልነበረበትም። ከአራት ሰዓት በላይ ከቆየበት ክኒን አይጠብቅ፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂድ። ከዘገየ ለዘለቄታው ይጎዳል" አልኳቸው።

"ለዘለቄታው?"

"አዎ፣ አባባ።"

"በይ ባጃጅ ጥሪ!"

ሮጬ ጠራሁ። ኮታቸውን እንደያዙ ባጃጁ ውስጥ ገቡና፣ ሳይቀመጡ ጎንበስ ብለው የሹፌሩን ወንበር ጨበጡ።

"ሆስፒታል! ቶሎ በል፣ ጓደኛዬ ታሟል!"

ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ግራ ቀኙን ተመለከተ።

"እሺ አባባ፤ ጓደኛዎን ከየት ነው የምናነሳቸው?"