ሚዛንና ሁለቱ ጀሪካኖች

በእህል መጋዘኑ «ሚዛን» ነበር የሚሉት፤ ኩንታል ትከሻው ላይ ሲያርፍ አንድ ኪሎ ብትጎድል ያውቃላ! የልብ ድካም ሲይዘው ሐኪሟ፣ «ጋሼ፣ ጡንቻዎ እንዳይከዳዎት በየጠዋቱ ይህን ያንሱ» ብላ ሁለት ትንንሽ ቢጫ ጀሪካን ውሃ አሳየችው።

«ሕፃን አደረገችኝ እኮ!» እያለ ተነጫነጨ፤ ግን አነሳ። ወር ሳይሞላ ክንዱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሚስቱ ተስፋ እንዳይቆርጥ ብላ በየማለዳው ተደብቃ ከውሃው ጥቂት ጥቂት ትደፋለች።

«ጎሽ፣ በረታህ!» ትለዋለች።

ያንን ትከሻ ማን ሊሸውደው! ከመጀመሪያው ቀን አውቆባታል፤ ሆዷ እንዳይባባ ብሎ ዝም አለ እንጂ።

ዛሬ ጀሪካኖቹ ባዶ ነበሩ። ሦስቴ አንስቶ አስቀመጣቸውና ቀና ብሎ አያት።

«ዛሬስ እስከ አፋቸው ሞልተሻቸዋል» አላት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። የምሩን ነበር።