ሦስተኛው መደዳ ላይ

ሊኔያ ያቺን በትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ድንች የምትጨልፍ ሴትዮ ያለ ፀጉር መረቧ አይታት አታውቅም። ዛሬ ግን የፀደዩ ዳንስ ነው፤ ተመራቂዎቹ ስማቸው እየተጠራ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲገቡ ለማየት ከተማው በሙሉ የስፖርት አዳራሹን ሞልቶታል። ሴትዮዋም ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ በሩ አጠገብ ቆማለች። የራሷ ልጅ የላትም፤ ግን የገባውን ሁሉ ስም ዝርዝሩ ላይ በእርሳስ ምልክት እያደረገች እንደ እናት ታጨበጭባለች።

ከሊኔያ ጋር ሊገባ የነበረው ኮርቢን ትኩሳት ይዞት ቀርቷል። ሊኔያም ወደ መውጫው ዞረች።

“ወዴት ነው የኔ ቆንጆ? ስምሽ እኮ አልተጠራም!” አለቻት ሴትዮዋ።

“ብቻዬን ገብቼ መሳቂያ ልሁን?”

“እኔም በአሥራ ስምንት ዓመቴ እንዲሁ ብዬ ነው ከዚህ በር የተመለስኩት። በዚሁ ቀሚስ!” ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ ዞር ዞር አለች። “አሁንም ልኬ ነው፣ አየሽ? በይ ግቢ፣ እንዳታስጠብቂኝ!” ብላ ወደ ቦታዋ፣ ወደ ሦስተኛው መደዳ ሮጠች።

የሊኔያ ስም ተጠራ። ብቻዋን ገባች። ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ በሩ አዞረ። ከዚያ አንድ ረጅም ፉጨት ተሰማ፤ ጭብጨባውም ተከትሎት ጣሪያውን አናጋው። ሊኔያ ቀና ስትል ሴትዮዋ ወንበር ላይ ቆማ፣ ሁለት ጣቶቿን አፏ ውስጥ ከትታ፣ አሁንም ታፏጫለች።