ሰፌዱን የያዘው እጅ

የእናቴ ቀኝ እጅ የሞተው ዝናቡ በጠፋበት ዓመት ነው። እሷ በምትኖርበት በሰሃላ ገጠር ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ደርቆ በቆመበት ሰሞን፣ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ወደቀች። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው መኪና እስካለበት አወጧት፤ እኔም ሰቆጣ ሆስፒታል በር ላይ ተቀበልኳት። አፏ ወደ ግራ ተጣሟል፣ ቀኝ እጇ ከቃሬዛው ወርዶ ይወዛወዛል። አንደበቷ ሲፈታ መጀመሪያ የተናገረችው «ተመስገን» የሚል ቃል ነበር።

«ለምኑ ነው ተመስገን?» አልኳት። ቁጡ ነኝ፤ ለታመመ ሰው እንኳ አልመለስም።

«ግራው አለልኝ» አለች።

ከሆስፒታል ስትወጣ ወደ ሰሃላ መመለስ አልቻለችምና ሰቆጣ የተከራየሁት ቤት አመጣኋት። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ጠዋት ለተማሪዎቼ ስጮህ ውዬ ማታ ደግሞ በሆዴ ከእግዚአብሔር ጋር እጣላ ነበር። ይህች ሴት አባቴ ከሞተ ጀምሮ መንኩሳ፣ ቆብ ደፍታ፣ ጾሙንም ስግደቱንም ሳታጓድል የኖረች ናት። ታዲያ ውለታዋ ይሄ ነው? ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳልፍ ሰው ሁሉ ሲያማትብ እኔ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። «ላም አለኝ በሰማይ» እል ነበር በልቤ፣ «ወተቷንም አላይ»።

እናቴ አንድ ልማድ ነበራት። ወንዝ ዳር ባለች ቁራሽ መሬት ስንዴ ትዘራና፣ በየዓመቱ ለመድኃኔ ዓለም ንግሥ መገበሪያ ትሰጣለች፤ ለቅዳሴው ኅብስት የሚሆነውን ስንዴ ማለት ነው። የተሰበረ ወይም ነቀዝ የነካው ፍሬ እንኳ አይገባበትም። በዚያ ዓመት ግን ወንዙም ደረቀ፤ የመጣላት ነገር ቢኖር ጎረቤት ከማደያው በአህያ ጭኖ ያደረሰላት የእርዳታ ስንዴ ብቻ ነበር።

«ሰፌዱን አምጪልኝ» አለችኝ ከረጢቱ እንደተፈታ።

«ለምን?»

«ንግሡ እየደረሰ አይደል? ልልቀም።»

ሳቄ መጣ፤ ደግ ሳቅ አልነበረም። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ምጽዋት ነው። የተመጸወትሽውን መልሰሽ ለእሱ ልትመጸውቺ? ከፈለግሽ ገበያ ወርጄ ጥሩ ስንዴ እገዛልሻለሁ።»

«የገዛሽው ያንቺ ይሆናል፤ ስትፈልጊ ስጪ። ለኔ ዘንድሮ የሰጠኝ ይሄንን ነው። ከሰጠኝ ላይ ካልሆነ ከምን ላይ ልስጠው?»

በር ላይ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አደረገች፤ በግራ እጇ አንዷን ፍሬ ለማንሳት ስትሞክር ሰፌዱ ተንሸራተተና ስንዴው ሁሉ መሬት ላይ ተበተነ። ሰብስቤ ሰጠኋት፤ ደግሞ ተበተነ። እኔ ልጮህ ነበር። እሷ ግን ትንሽ አሰበችና ሙት እጇን በግራዋ አንስታ የሰፌዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ሰፌዱ ቀጥ አለ።

«አየሽው?» አለችኝ በዚያ በተጣመመ አፏ እየሳቀች። «ይሄም ሥራ አገኘ።»

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁልጊዜ እዚያው አገኛት ነበር። ጠጠሩን ለብቻ፣ ስባሪውን ለብቻ፣ ደህናውን ለብቻ። ከሰው ጋር የምታወራው በአማርኛ ነው፣ ከእግዚአብሔር ጋር ግን አፏን በፈታችበት በኽምጣኛ፤ ከንፈሯ ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጇን እንዲመልስላት ለምናው እንደሆነ ጠየቅኳት።

«እንዴት አልለምነው! ለምኜዋለሁ» አለች። ከዚያ አንድ ፍሬ አንስታ እያገላበጠች፣ «እጄ ደህና ሳለ ስንዴውን እጄ ይለቅማል፣ ሐሳቤ ከብት ላይ ነበር። አሁን አንዷን ፍሬ ለማንሳት እሱን መጥራት አለብኝ። እንዲህ ብዙ ጠርቼው አላውቅም፣ ልጄ።»

 እግሯ ሥር የወደቀች አንድ ፍሬ አንስቼ ሰፌዱ ላይ መለስኳት።

ንግሡ ሲቃረብ የተለቀመውን በነጭ ጨርቅ ቋጥረን በባጃጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰድነው።  እንዳይመልሱባት መፍራቷ ገባኝ፤ ጨርቁን በግራ እጇ ከደረቷ ጋር አጥብቃ ይዛዋለች። የተቀበሉን ንዋየ ቅድሳቱን የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ፣ ሽማግሌ ናቸው። ኋላ ተጣርቶ ከሚያሳፍራት አሁኑኑ ይታወቅ ብዬ፣ «አባ፣ እንዳልደብቅዎት፣ የእርዳታ ስንዴ ነው» አልኳቸው።

እናቴ አንገቷን ደፋች።

ቄሰ ገበዙ ቋጠሮውን ፈቱ። እፍኝ ዘግነው በጣቶቻቸው መካከል ቀስ አድርገው አፈሰሱት፤ ደግመው ዘገኑ። ስባሪ እየፈለጉ ነው። አላገኙም።

«ማን ነው የለቀመው?»

እናቴ ግራ እጇን አነሳች። ሽማግሌው ያንን እጅ አዩ፣ በጎኗ የተንጠለጠለውንም አዩ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ዘንድሮ ካህኑም ምእመኑም የበላነው ይሄንኑ ነው» አሉ ጨርቁን መልሰው እየቋጠሩ። «እኛ የኖርንበትን እሱ ይንቀዋል እንዴ?» ቋጠሮውን ስመው ይዘውት ገቡ።

የንግሡ ዕለት እናቴን ሴቶቹ ከሚቆሙበት አድርሼ እኔ ከበሩ አጠገብ፣ ወይራው ሥር ቀረሁ። ቅዳሴው ሲያልቅ የቆረቡት በነጠላ አፋቸውን ሸፍነው መውጣት ጀመሩ። አሮጊቶች፣ ሕፃን ያቀፉ እናቶች፣ ከአበርገሌ በኩል የተፈናቀሉ፣ ፊታቸው በረሃብ የከሳ ሰዎች። ድንገት ያ ስንዴ ትዝ አለኝ። ከረጢት ውስጥ ከጠጠር ጋር ተደባልቆ የመጣው፣ መሬት ላይ ተበትኖ በእጄ የሰበሰብኩት፣ የሳቅኩበት ስንዴ የጌታ ሥጋ ሆኖ በእነዚህ ሰዎች አፍ ውስጥ አለ። ወይራው ሥር ተንበረከክሁ።

እናቴ በሰው ተደግፋ መጣች። አፏ ተሸፍኗል፤ ከቆረበች በኋላ አትናገርም። አጠገቤ ቆመች፣ ሙት ቀኝ እጇን በግራዋ አነሳችና ልክ ሰፌዱ ላይ እንደምታደርገው ራሴ ላይ አስቀመጠችው። እጁ ቀዝቃዛ ነው፣ ከባድም ነው።

«ተመስገን» አልኩ። ለምኑ እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም።